ገዳይነት ከዘር ይወረሳልን?

በአገራችን ስለ ዘር ከሚነገሩት ተረቶች ውስጥ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንደኛው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «እሳት አመድ ይወልዳል» ይላል። በመጀመሪያው አነጋገር ሰው የወላጆቹን ጠባይ ሳይወድ በግድ ይዞ የሚወለድ ይመስላል፤ በሁለተኛው ግን የአባት ጠባይ ወደ ልጅ ለመተላለፉ ምንም ዋስትና የለም። አባቶቻችን ሁለቱንም የተናገሩት ሁለቱንም በዐይናቸው ስላዩ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ሰውን ገድሎ በተያዘ ጊዜ በሰፈር የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። «አባቱም እንዲሁ ነበር» ይባላል፤ «ድሮስ ከዚያ ቤት ምን ይወጣል» ይባላል።

ይህ አነጋገር እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ ገበያም እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ ባሉት የየካ ሰፈሮች ውስጥ አባቱ ወይም ወንድሙ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ወኅኒ ቤት የሚገኝ ልጅ አይጠፋም። ይህ ልጅ ከእኛው ጋር በአንድ ክፍል ይማራል፤ በአንድ ሜዳም ኳስ ይጫወታል። እርሱ ራሱ ምንም ሳያጠፋ ግን «ከርሱ ጋር አትዋል» የሚባልበት ጊዜ አለ። አድጎም ትዳር ለመያዝ ሽማግሌ በላከ ጊዜ ዘሩ ሲቈጠር የአባቱ ነገር ይነሣበታል። በአሁኑ ዘመን ደግሞ ለዚህ ለጥንቱ ሐሜት አዲስ የሳይንስ ስም ተገኝቶለት «በዘረ መሉ ውስጥ አለ» መባል ተጀምሯል። ስለዚህ ሳይንስ በዚህ ነገር ላይ ያገኘው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ለተማሪም ለመምህርም ለወላጅም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ በዚህ በመጽሔታችን ገጽ ላይ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

1. ዘረ መል ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ሕይወት ያለው ፍጥረት ከወላጆቹ አንዳንድ ነገር ይወርሳል። ይህን ውርስ በሥርዐት ቈጥሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስረዳው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኵሴ ነው፤ የተለያየ ዐይነት አተር እያዳቀለ ያደረገውን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1866 አሳተመ። ከርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት በሰው የሰውነት ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች መኖራቸውን፣ ከነዚህም 23ቱ ከአባት 23ቱ ደግሞ ከእናት መምጣታቸውን አረጋገጡ። በክሮሞሶሞቹ ላይ 20 ሺሕ ያህል ዘረ መሎች ተሰልፈው ይገኛሉ።

የዘረ መል ሥራው ሕዋሱ ይህን ወይም ያን ፕሮቲን እንዲሠራ መምራት ነው። በዚህም መሠረት የደም ዐይነት፣ የዐይን ቀለም፣ አንዳንድም በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ነገር ግን «ስረቅ» ወይም «ግደል» ብሎ የሚያዝ ዘረ መል የለም። በዘረ መልና በገዳዩ እጅ መካከል ብዙ ነገር አለ፤ ይኸውም የአንጎል አሠራር፣ አስተዳደግ፣ ትምህርት፣ ድኽነት፣ መጠጥ፣ ጓደኛ፣ በእጅ የተገኘ መሣሪያ፣ በመጨረሻም የሰውየው የራሱ ፈቃድ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዘሩ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ዛሬ የእንጦጦን ተራራ ሸፍኖ ይታያል፤ የትውልድ አገሩም አውስትራልያ ነው። ከአንድ ዛፍ ላይ የተለቀመውን ዘር ከፍለን ግማሹን አፈሩ ጥልቅ በሆነው በቀበና ወንዝ ዳር፣ ግማሹን ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በእንጦጦ ዐለታማ ስፍራ ብንተክለው የወንዙ ዳር ረዥምና ቀጥ ያለ፣ የዐለቱ ላይ ግን አጭርና ጐባጣ ሊሆን ይችላል። ዘሩ አንድ ሲሆን ዛፉ የተለያየ ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ባሕር ዛፍ የትም ቢተከል ጥድ አይሆንም። ስለዚህ ዘር ምንም አይሠራም ማለትም፣ ሁሉን የሚሠራው ዘር ነው ማለትም ሁለቱም ስሕተት ነው።

2. ወንጀለኛን በመልኩ ለማወቅ የተደረገ ሙከራ

ቼዛሬ ሎምብሮሶ የሚባል የኢጣልያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ወንጀለኛ ሰው አንድ መጽሐፍ አወጣ። በዚህም መጽሐፍ አንዳንድ ሰዎች ወንጀለኛ ሆነው ይወለዳሉ፤ እነርሱም ወደ ጥንታዊው አውሬያዊ ሰው የተመለሱ ናቸው፤ በመንጋጋቸው፣ በጆሮአቸውና በራስ ቅላቸው ቅርጽ ሊታወቁ ይችላሉ ብሎ አስተማረ። በዚያን ዘመን ይህ ትምህርት በብዙ አገር ተቀባይነት አገኘ።

ነገር ግን ሎምብሮሶ እስረኞችን በጥንቃቄ ከሌሎች ሰዎች ጋር አላስተያየም ነበር። ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ የእንግሊዝ ወኅኒ ቤት ሐኪም ወደ 3,000 የሚሆኑ እስረኞችን ለክቶ ወንጀለኛ ካልሆኑ ሰዎች ጋር፣ ከተማሪዎችና ከወታደሮችም ጭምር አስተያየ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመ ጊዜ በመልክ የሚታወቅ የወንጀለኛ ዐይነት አለመኖሩን አስረዳ።

ስሕተቱ ግን በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ አልቀረም። በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1907 ወንጀልን ልማድ ያደረጉ የተባሉ ሰዎች ጭምር እንዳይወልዱ የሚያስመክን ሕግ አወጣ። የጀርመን ናዚ መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለባቸው የተባሉትን ሰዎች ለማምከን ሕግ አውጥቶ 400 ሺሕ ያህል ሰዎችን አመከነ። የሰው ጠባይ በደሙ ውስጥ ተጽፏል ብሎ ማመን የት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

3. የተጨማሪው ክሮሞሶም ነገር

ወንድን ወንድ የሚያሰኘው ዋይ የሚባለው ክሮሞሶም ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ሲኖራት ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ነገር ግን ከ1,000 ወንዶች አንዱ ያህል ሁለት ዋይ ይዞ ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1965 ፓትሪሺያ ጄኮብስና ባልደረቦቿ በስኮትላንድ አደገኛ የአእምሮ ሕሙማን በሚጠበቁበት ሆስፒታል ውስጥ ምርመራ አድርገው፣ ሁለት ዋይ ያላቸው ወንዶች ከተገመተው ይልቅ በዝተው መገኘታቸውን ገለጡ። ወዲያው ጋዜጦቹ «የገዳይ ክሮሞሶም ተገኘ» እያሉ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1966 በቺካጎ ስምንት ሴቶችን የገደለ ሰው ሁለት ዋይ አለው ተብሎ ተወራ፤ በተመረመረ ጊዜ ግን ክሮሞሶሙ እንደ ማንኛውም ወንድ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩን በደንብ ያጠሩት በዴንማርክ የተመራመሩት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ወኅኒ ቤት ገብተው እስረኛ ብቻ አልመረመሩም፤ በኮፐንሃገን ከተማ ከተወለዱት ወንዶች መካከል ቁመታቸው ረዥም የሆነውን 4,139 ሰዎች መረመሩ። ከነዚህም ሁለት ዋይ ያላቸው 12 ሰዎች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጡት፣ ከ12ቱ አምስቱ በፍርድ ቤት የተፈረደባቸው ቢሆኑም ጥፋታቸው በአብዛኛው ቀላል ነበረ፤ ሰውን በመምታትና በመግደል ከሌሎች የሚብሱ ሆነው አልተገኙም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በዓለም ላይ ነፍስ በማጥፋት ከሚጠረጠሩት ሰዎች ውስጥ ከ100 ዘጠናው ያህል ወንዶች ናቸው። ስለዚህ «የገዳይ ክሮሞሶም» ቢኖር ኖሮ አንዱ ዋይ ራሱ በሆነ ነበር። ነገር ግን ይህን ክሮሞሶም አባቶቻችን፣ ወንድሞቻችን፣ መምህሮቻችንም ሁሉ ይዘውታል፤ ከነርሱም እጅግ የሚበዙት በሕይወታቸው ሙሉ አንድም ሰው አይገድሉም።

4. የሆላንዱ ቤተ ሰብና የኒው ዚላንድ ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1993 ሃን ብሩነር የተባለ የሆላንድ ሐኪም ስለ አንድ ቤተ ሰብ ጻፈ። በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ ብዙ ወንዶች አእምሮአቸው ዘገምተኛ ሆኖ በድንገት የሚቈጡ፣ እሳት የሚለኵሱ፣ ሰውንም የሚያጠቁ ነበሩ። በተመረመሩት ወንዶች ላይ በኤክስ ክሮሞሶም የሚገኝ አንድ ዘረ መል ተበላሽቶ ተገኘ። ይህ ዘረ መል ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ኤ የሚባለውን ኢንዛይም የሚያስገኝ ነው፤ የኢንዛይሙም ሥራ በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያደርሱትን ሴሮቶኒንንና ሌሎችንም ንጥረ ነገሮች ማፍረስ ነው። ይህ በእውነት የተገኘ ነገር ነው፤ ልንክደው አይገባም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍጹም ብልሽት በዓለም ላይ በጥቂት ቤተ ሰቦች ብቻ የታየ ስለ ሆነ፣ በየከተማው ለሚደረገው ግድያ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ይልቅ ለብዙ ሰው የሚሆን ትምህርት ከኒው ዚላንድ ተገኘ። በዱነዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በጥናት ሲታዩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 አቭሻሎም ካስፒና ባልደረቦቹ ከነዚህ መካከል 442 ወንዶችን ወስደው፣ ያው ኢንዛይም የሚያንስባቸውንና የሚበዛላቸውን ለዩ። ኢንዛይሙ የሚያንስበት ዐይነት ዘረ መል ከሦስት ወንዶች በአንዱ ያህል የሚገኝ፣ የተለመደ ነገር ነው። ውጤቱም እንዲህ ሆነ፤ ኢንዛይሙ የሚያንስባቸው ወንዶች በልጅነታቸው ክፉ ድብደባና በደል የደረሰባቸው እንደ ሆነ፣ ካደጉ በኋላ በጠበኝነት ከሌሎቹ በለጡ። ያንኑ ዘረ መል ይዘው በደኅና ያደጉት ግን ከሌላው ሰው የተለዩ ሆነው አልተገኙም።

በኋላ ጥናቱን የደገሙት ሁሉ እኩል ውጤት አላገኙም፤ ብዙዎቹን ጥናቶች አንድ ላይ ሰብስበው ያዩ ሊቃውንት ግን ግንኙነቱ መኖሩን፣ መጠኑም ትንሽ መሆኑን አስረድተዋል። ወላጆቻችን ከዚህ የሚያገኙት ምክር ግልጽ ነው። የልጃችሁን ዘረ መል ልትለውጡት አትችሉም፤ በአለንጋና በቀበቶ ክፉኛ አለመደብደብ ግን በእጃችሁ ነው።

5. ከወለዱትና ካሳደጉት ማን ይበልጣል?

የዘርንና የአስተዳደግን ድርሻ ለመለየት ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ በጉዲፈቻ ያደጉትን ልጆች መመልከት ነው፤ ዘራቸው ከአንድ ቤት፣ አስተዳደጋቸው ከሌላ ቤት ነውና። ሳርኖፍ ሜድኒክና ባልደረቦቹ በዴንማርክ አገር በጉዲፈቻ የተሰጡትን 14,427 ልጆች መዝገብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙ። የወለዱአቸውም ያሳደጉአቸውም ወላጆች ካልተፈረደባቸው ወንዶች ልጆች መካከል ከ100ው 13 ተኩል ያህሉ ተፈረደባቸው። የወለዱአቸው ወላጆች ብቻ ከተፈረደባቸው መካከል ደግሞ ከ100ው 20 ተፈረደባቸው።

ይህን ቍጥር ሁለት ዐይነት ሰው ሁለት ዐይነት ሊያነበው ይችላል። አንዱ «ከ13 ወደ 20 ከፍ ብሏልና ዘር ይሠራል» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሌላው ደግሞ «ወንጀለኛ ከወለዳቸው 100 ወንዶች ልጆች 80ዎቹ አልተፈረደባቸውም» ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ደግሞም በዚሁ ጥናት ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲሄድ የታየው በስርቆትና ይህን በመሰለ የንብረት ወንጀል እንጂ በኀይል ሥራ አልነበረም።

መንታዎችን ያጠኑ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ከሕግና ከሥርዐት ውጭ በሆነ ጠባይ ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ ጥቂት የሚያንሰውን ለዘር ይሰጡታል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «የአንድ ሰው ክፋት ግማሹ ከደሙ ነው» ብሎ ይተረጕመዋል። ትርጕሙ ግን እንዲህ አይደለም። ወደ ባሕር ዛፋችን እንመለስ። በአንድ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ልዩ ልዩ ዘር ዘርተን፣ እኩል ውሃ አጠጥተን ብናሳድግ፣ በዛፎቹ መካከል የሚታየው የቁመት ልዩነት ሁሉ ከዘር የመጣ ይሆናል፤ አፈሩ አንድ ነውና። ያንኑ ዘር ግማሹን በወንዝ ዳር ግማሹን በዐለት ላይ ብንዘራው ደግሞ የዘር ድርሻ ያንሳል፤ የአፈሩ ይበዛል። እንግዲህ ቍጥሩ የሚናገረው በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን በሚኖሩ ብዙ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ በአንድ ልጅ ደም ውስጥ ስላለው ክፋት አይደለም።

6. ከከተማችን ታሪክ የምናገኘው ማስረጃ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ውጭ አገር ምርመራ ነው። አሁን ደግሞ በከተማችን የተደረገውን እናስብ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ስፍራ፣ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ ቤቱም በላዩ ላይ ተቃጠለ። በአገራችን የሚታሰበው የሟቾች ቍጥር 30 ሺሕ ነው፤ መታሰቢያቸውም በስድስት ኪሎ ቆሟል። ከገዳዮቹ መካከል ጥቍር ሸሚዝ የሚባሉት የፋሺስት ጭፍሮች ይገኙ ነበር፤ ካሚዮን ነጂዎችና የመንገድ ሠራተኞችም ነበሩባቸው። አብዛኞቹ በአገራቸው ሳሉ ነፍስ ያላጠፉ፣ ሚስትና ልጆች ያሏቸው ተራ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ እንጠይቅ። የእነዚህ ሰዎች ዘረ መል የካቲት 11 ቀን የነበረው ያው የካቲት 12 ቀንም ነበረ። በአንድ ሌሊት የተለወጠው ደማቸው አይደለም፤ የተለወጠው አለቆቻቸው የሰጡት ፈቃድ ነው። ደግሞም በፊት የተሰጣቸው ትምህርት፣ ይኸውም የሀበሻ ደም ከእነርሱ ደም ያነሰ ነው የሚለው፣ ልባቸውን አደንድኖት ነበር። ስለ ሰው ደም ደረጃ ሲያስተምሩ የኖሩት ራሳቸው ገዳዮች ሆነው ተገኙ።

ይህን ስናገር የኢጣልያን ሕዝብ በዘሩ ገዳይ ነው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ብንል የሎምብሮሶን ስሕተት ደገምን ማለት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በዚሁ ከተማ የአንድ አገር ልጆች እርስ በርሳቸው ተገዳድለዋል፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን አሳልፎ ሰጥቷል። ያ ዘመን ካለፈ በኋላ የሰፈሩ ሰው ዘረ መል እንደ ነበረ ነው፤ ግድያው ግን ቆመ። የሰው ዘር ለመለወጥ ብዙ ትውልድ ይፈልጋል። ግድያ ግን በአንድ ቀን ሊነሣና በአንድ ዓመት ሊበርድ ከቻለ፣ ዋናው መንሥኤው ከዘር ሌላ መሆኑ ግልጽ ነው።

7. ደምን ስለ መመለስና ስለ ማድረቅ

በአማራ አገርም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ደም መመለስ የሚባል ክፉ ልማድ ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። አንድ ሰው ቢገድል የሟቹ ወገን ገዳዩን ባያገኝ ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ይገድላል። የዚህ ልማድ ሥሩ ጥፋት በዘር ሁሉ ላይ ይፈስሳል የሚለው አሳብ ነው። ከላይ ሲታይ «ይህ ዘር ገዳይ ነው» ያሰኛል፤ ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ዘመን ሲገዳደሉ ይኖራሉና። ነገር ግን ሽማግሌዎች ገብተው፣ ካሳ አስከፍለው፣ በመሐላ ያስታረቁአቸው እንደ ሆነ ግድያው ይቆማል፤ ይህም ደም ማድረቅ ይባላል። በኦሮሞ ወገኖቻችንም ዘንድ ጉማ የሚባለው የዕርቅ ሥርዐት ይህንኑ ያደርጋል። ገዳይነት በዘር የተተከለ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ በምክር ሊያደርቀው ባልቻለም ነበር።

ሌላም ምሳሌ በአቅራቢያችን አለ። ከየካ ወደ ምዕራብ ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው በቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩና ሸማ የሚለብጡ ባለሙያዎች ይኖራሉ። ምንም ሳያጠፉ ቡዳ ናችሁ፤ ክፉ ዐይን ከአባታችሁ ወርሳችኋል እየተባሉ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ሐሜቱ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ። የገዳይን ልጅ ገዳይ የሚለውና የሸክላ ሠሪን ልጅ ቡዳ የሚለው ሁለቱም ያለ ምስክርና ያለ ማስረጃ ሰውን በደሙ የሚፈርዱ ናቸው።

8. ሕጋችን ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ወጥቶ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲሱ የወንጀል ሕግ ተተክቷል። በዚህ ሕግ ሰው የሚጠየቀው ራሱ ስላደረገው ነገር ነው። በአንቀጽ 539 ከባድ የግፍ አገዳደል የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ያስፈርዳል፤ በአንቀጽ 540 ተራ የሆነው የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያሳስራል። ለአባት ጥፋት ልጅን የሚቀጣ አንቀጽ ግን በውስጡ አይገኝም።

ሕጉ የሰውነትን ነገር ፈጽሞ አልዘነጋውም። በአንቀጽ 48 መሠረት አንድ ሰው በዕድሜ፣ በሕመም፣ በአእምሮ ዕድገት መዘግየት ወይም ይህን በሚመስል ከተፈጥሮ በመጣ ሌላ ምክንያት የሚሠራውን ለማወቅ ወይም ራሱን ለመግዛት ካልቻለ በወንጀል ኀላፊ አይሆንም፤ ችሎታው በከፊል የጐደለ እንደ ሆነ ደግሞ አንቀጽ 49 ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። አስተውሉ፤ ሕጉ የሚጠይቀው «በደሙ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ አይደለም። «በዚያች ሰዓት የሚያደርገውን ያውቅ ነበርን? ራሱንስ ለመግዛት ይችል ነበርን?» ብሎ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለውም ከትልልቆች ጋር እንዳይታሰርና እንዲታረም እንጂ በተለመደው ቅጣት እንዳይቀጣ ተደርጓል። ልጅ ሊታረም ይችላል ብሎ ሕጉ ያምናል ማለት ነው።

በኢጣልያ አገር በትሪየስቴ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የይግባኝ ፍርድ ቤት የአንድ ነፍሰ ገዳይ ዘረ መል ተመርምሮ ቀደም ሲል የተናገርነው ዐይነት ኢንዛይም የሚያንስበት መሆኑን ተመልክቶ ከእስራቱ አንድ ዓመት ቀነሰለት። ይህ ለተከሳሹ የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን ያው ማስረጃ በሌላ ዳኛ እጅ «ይህ ሰው በተፈጥሮው አደገኛ ስለ ሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ይታሰር» ሊያሰኝም ይችላል። ያ ዘረ መል ከሦስት ወንዶች በአንዱ ያህል የሚገኝ መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ፣ ስንቱ ሰላማዊ ሰው ሳያጠፋ እንደሚጠረጠር እንገምታለን።

9. ከዚህ ምን እንማራለን?

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው፣ ሰው ከወላጆቹ ቶሎ የመቈጣት ወይም የመታገሥ፣ የመድፈር ወይም የመፍራት ዝንባሌ በመጠኑ ሊወርስ ይችላል። ግድያን ግን አይወርስም። ድፍረት ያለው ልጅ ተኰትኵቶ ቢያድግ እሳት አጥፊ፣ አሽከርካሪ ወይም የአገር ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ሲደበደብና ሲናቅ ካደገ ግን ያ ድፍረቱ ለክፉ ሊውል ይችላል።

ውድ ጓደኞቼ፤ የዚህ ነገር ግማሹ የሚመለከተው እኛን ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። ስለዚህ በእኛ ዕድሜ ቍጣ ይቀድማል፤ ማሰብ ይከተላል። ይህም በዘሩ የተመሰገነውንም በዘሩ የታማውንም ልጅ እኩል የሚያገኝ ነው። ጠብ በተነሣ ጊዜ ከስፍራው ዞር ማለት፣ ድንጋይና ስለት አለመያዝ፣ ከመጠጥ መራቅ፣ የተጣሉትንም ቶሎ ማስታረቅ ማንኛችንም ልናደርገው የምንችለው ነው። አባቱ የታሰረበት ጓደኛ ቢኖረን ደግሞ አብረነው እንቀመጥ፤ አብረነውም እናጥና። የዴንማርኩን ቍጥር ካሰብን ወንጀለኛ ከወለዳቸው 100 ወንዶች ልጆች 80ዎቹ ያልተፈረደባቸው ናቸው፤ ቀሪዎቹንም ቢሆን ማግለል አያድናቸውም።

የተከበራችሁ መምህሮቻችን ሆይ፤ የተማሪን ስም ስትጠሩ የአባቱን ታሪክ ከስሙ ጋር እንዳታስቡ እንለምናችኋለን። እናንተም ወላጆቻችን፤ ልጅ ባጠፋ ጊዜ «የዘርህ ነው» ብላችሁ አትስደቡት። እንዲህ የተባለ ልጅ ጥፋቱን ለማረም የሚሞክርበት ምክንያት ያጣል፤ ከዘር የመጣ ነገር አይታረምም ብሎ ያምናልና። ይልቁንስ «ይህን አንተ አደረግኸው፤ ደግሞም ልትተወው ትችላለህ» በሉት። የአእምሮ ሕመም ምልክት የታየበት እንደ ሆነም ለሐሜት ሳትሰጡት ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የእያንዳንዳችን ዘረ መል ከመወለዳችን በፊት የተወሰነ ነው፤ ማንም አልጠየቀንም፤ ልንመርጠውም አልቻልንም። ነገ በትምህርት ቤታችን በር ስንገባ ለጎረቤታችን የምንሰጠው ሰላምታ ግን ገና አልተወሰነም።